ሐኪሙና ጭራቁ
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)




በእንዲህ ያለ መድረክ ላይ ስለ ኮንክሪት፣ ስለ ውኃ ሥራ፣ ስለ መንገድና ስለ ኤሌክትሪክ ኀይል መናገር የተለመደ ነው። እኔ ዛሬ የማቀርበው ርእስ ግን ከእነዚህ ሁሉ የራቀ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ርእሴ በጃፓን አገር የተሠራ አንድ ተከታታይ የሥዕል ፊልም ነው። እኛ በልማድ «ካርቱን» የምንለውን ጃፓኖች «አኒሜ» ይሉታል። ካርቱን ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው ሕፃናትን ለማጫወት የሚሠራ ነገር ስለ ሆነ፣ ይህ ለመሐንዲሶች የሚገባ ርእስ አይደለም የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ዳሩ ግን ልናገርለት የመጣሁት ሥራ ለሕፃናት የተዘጋጀ አይደለም። ወንጀልን፣ የሰውን አእምሮና የባለሙያን ኀላፊነት የሚመረምር፣ ለበሰለ ተመልካች የታሰበ ድርሰት ነው። ስሙም «ሞንስተር» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «ጭራቅ» ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም።

የንግግሬ ዋና ሐሳብ ይህ ነው። ይህ ሥራ ተመልካቹን ስቦ የሚይዘው በግድያውና በማሳደዱ ሳይሆን በአንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄውም፣ አንድ ባለሙያ በሙያው ሕግ መሠረት ትክክል የሆነውን ሠርቶ ሳለ ከሥራው ክፉ ውጤት ቢወጣ፣ ኀላፊነቱ እስከ የት ይደርሳል? የሚል ነው። ይህ ሐኪሙን ብቻ የሚመለከት ጥያቄ አይደለም፤ በንድፍ ላይ ፊርማውን የሚያኖር መሐንዲስ ሁሉ ራሱን ሊጠይቅበት የሚገባ ነው። ስለዚህ በርእሱ ላይ ጥቂት ጊዜ ብንቈይ ያለ አግባብ አይሆንም።

የሥራው አመጣጥ

በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። የድርሰቱ ባለቤት ናኦኪ ኡራሳዋ የተባለው ጃፓናዊ ደራሲና ሠዓሊ ነው። ታሪኩ በመጀመሪያ ከ1994 እስከ 2001 ድረስ «ቢግ ኮሚክ ኦሪጂናል» በተባለው ለአዋቂዎች በሚታተመው መጽሔት ላይ በሥዕል ተከታትሎ ወጣ፤ ከዚያም በ18 ቅጾች ተጠቃሎ ታተመ። በ1999 በታላቁ ሠዓሊ በኦሳሙ ቴዙካ ስም የሚሰጠውን የባህል ሽልማት አግኝቷል። ማድሃውስ የተባለው የፊልም ድርጅት በማሳዩኪ ኮጂማ አዘጋጅነት ወደ ፊልም ለወጠው፤ በኒፖን ቴሌቪዥንም ከአፕሪል 2004 እስከ ሴፕቴምበር 2005 በ74 ክፍሎች ታየ። ፊልሙ ከመጽሐፉ እምብዛም ሳይርቅ፣ ደረጃ በደረጃ የሚከተለው ነው።

ደራሲው በልጅነቱ ያየው «ዘ ፊውጂቲቭ» የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድርሰት ለዚህ ሥራ መነሻ እንደ ሆነው ተናግሯል። ከ1963 እስከ 1967 የታየው ይህ ድርሰት ያልሠራው ወንጀል ተለጥፎበት በፖሊስ ስለሚታደን ሐኪም የሚተርክ ነበር። የኡራሳዋም ዋና ሰው የሚታደን ሐኪም ነው፤ ልዩነቱ የእርሱ ሐኪም በሕግ ፊት ንጹሕ ቢሆንም በገዛ ሕሊናው ፊት ንጹሕ ነኝ ለማለት አለመድፈሩ ነው።

ሥራው የሚገባውን ያህል ተመልካች በቶሎ አላገኘም። በአሜሪካ በ2009 የመጀመሪያዎቹ 15 ክፍሎች በዲቪዲ ከወጡ በኋላ ገዢ በማነሱ ምክንያት የቀሩት ሳይታተሙ ቀሩ። በ2023 ኔትፍሊክስ ሲያቀርበው ግን ብዙዎች እንደ አዲስ ሥራ አገኙት። ይህን ያህል የዘገየበት ምክንያት ግልጽ ነው። በአኒሜ የለመድነው ድግምት፣ ግዙፍ የጦር መኪናና የሚበር ጀግና በውስጡ የለም። ያለው ሆስፒታል፣ የባቡር ጣቢያ፣ የከተማ ጐዳና፣ ጭር ያለ ገጠርና የተራ ሰው ፊት ነው። ርዝመቱም ትዕግሥት ይጠይቃል።

የታሪኩ መነሻ

ዘመኑ 1986፣ ጀርመን ገና በሁለት ተከፍላ የነበረችበት ጊዜ ነው። ቦታው በምዕራብ ጀርመን በዱሰልዶርፍ ከተማ የሚገኝ ሆስፒታል ነው። ኬንዞ ቴንማ የተባለ ወጣት ጃፓናዊ ሐኪም በአንጎል ቀዶ ጥገና ከፍ ያለ ስም አትርፏል። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ያቀርበዋል፤ የዳይሬክተሩ ልጅም እጮኛው ናት። ሹመት ይጠብቀዋል። ለዚህ ሁሉ የሚከፍለው ዋጋ ግን አለ፤ እርሱ የጻፈውን የምርምር ጽሑፍ ዳይሬክተሩ በራሱ ስም ያቀርበዋል፤ ማን ይታከም፣ ማን ይቅር የሚለውንም የሚወስነው ዳይሬክተሩ ነው።

አንድ ሌሊት አንድ ቱርካዊ የጉልበት ሠራተኛ ለቀዶ ጥገና ይመጣል፤ ከእርሱ በኋላ ደግሞ ስመ ጥር የኦፔራ ዘፋኝ ይገባል። ቴንማ በትእዛዝ ወደ ዘፋኙ ይሄዳል። ዘፋኙ ይድናል፤ ሠራተኛው በሌላ ሐኪም እጅ ይሞታል። የሟቹ ሚስት ልጇን ይዛ ሐኪሙን ሆስፒታል ውስጥ ታገኘዋለች፤ ባሌ ቀድሞ መጥቶ ሳለ ስለ ምን ተውከው? ብላ ታለቅሳለች። ይህ ልቅሶ ከቴንማ ጆሮ አይጠፋም። እጮኛው ግን የሰው ሕይወት ሁሉ እኩል እንዳልሆነ፣ ነገሩ ቀላል እንደ ሆነ አድርጋ ትነግረዋለች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያው ፈተና ይመለሳል። በራሱ ላይ በጥይት የተመታ ልጅ ወደ ሆስፒታሉ ይመጣል፤ ከምሥራቅ ጀርመን ሸሽተው የመጡት አሳዳጊዎቹ ተገድለዋል፤ መንታ እኅቱም በድንጋጤ ራሷን አታውቅም። ቴንማ ለቀዶ ጥገናው ሲዘጋጅ የከተማው ከንቲባ በድንገት ታሞ ይደርሳል። ከንቲባው ለሆስፒታሉ ገንዘብ ሊያስጨምር ቃል የገባ ሰው ነውና፣ ዳይሬክተሩ ቴንማን ልጁን ለሌላ ሐኪም ትቶ ወደ ከንቲባው እንዲዞር ያዘዋል። ቴንማ በዚህ ጊዜ አይታዘዝም፤ ቀድሞ የመጣውን ያክማል። ልጁ ይድናል፤ ከንቲባው ይሞታል።

ከዚህ የተነሣ ሹመቱ ይቀርበታል፤ እጮኛውም ትተወዋለች። አንድ ቀን ራሱን ስቶ በተኛው ልጅ አልጋ አጠገብ ቆሞ ምሬቱን ሲያወጣ፣ እንደ ዳይሬክተሩ ያለ ሰው ቢሞት ይሻላል እስከ ማለት ይደርሳል። ብዙም ሳይቈይ ዳይሬክተሩና ሁለት ሐኪሞች በመርዝ ይሞታሉ፤ መንታዎቹም ከሆስፒታሉ ይሰወራሉ። ዘጠኝ ዓመት ያልፋል። በ1995 ቴንማ የተከበረ ሐኪም ሆኖ ሳለ፣ አንድ በሽተኛው በዓይኑ ፊት በጥይት ይገደላል። ገዳዩ ያ ያዳነው ልጅ፣ ዮሃን ሊበርት ነው። ያን ጊዜ ሦስቱን የገደለው እርሱ እንደ ነበረ፣ ያደረገውም የሐኪሙን የራሱን ምኞት መፈጸም እንደ ሆነ በለሰለሰ ድምፅ ያስረዳዋል።

ከዚህ በኋላ ሐኪሙ ሥራውን ይተዋል። በነፍሰ ገዳይነት እየተጠረጠረ፣ ከከተማ ወደ ከተማ እየሸሸ፣ በገዛ እጁ ያዳነውን ሰው በገዛ እጁ ለመግደል ይነሣል።

ከፊርማው በኋላ

የድርሰቱ ጥበብ ያለው ቀላሎቹን መልሶች አንድ በአንድ መዝጋቱ ላይ ነው። «ሐኪሙ አላጠፋም፤ ስለዚህ አይመለከተውም» ብንል፣ የሚሞቱት ሰዎች ፊት ለፊት ይመጡብናል። «ልጁን ባያድነው ይሻል ነበር» ብንል ደግሞ፣ የቱርካዊው ሠራተኛ ሚስት ልቅሶ ይመለስብናል፤ ዛሬ ለክፉው ልጅ የምንነፍገውን ሕክምና ትናንት ለድኻው ሠራተኛ የነፈገው ሐሳብ አንድ ነውና። የበሽተኛው ማንነት ሲመዘን ሕክምናው ፍርድ ይሆናል። ቴንማ ልጁን ባዳነ ጊዜ የመረጠው የዮሃንን ሰውነት መዝኖ አይደለም፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይታከማል የሚለውን ሕግ ብቻ ነው።

እንግዲህ ድርሰቱ የሚለው፣ እኔ እንደ ተረዳሁት፣ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ትክክል የነበረ ሥራ በኋላ በመጣ ውጤት ምክንያት ስሕተት አይሆንም። ሁለተኛ፣ ሥራው ትክክል መሆኑ ባለሙያውን ከሚከተለው ነገር ነጻ አያወጣውም። እነዚህ ሁለት አባባሎች የሚጣሉ ይመስላሉ፤ 74ቱ ክፍሎች የተሠሩት አብረው መቆም እንደሚችሉ ለማሳየት ነው። ቴንማ ሽጉጥ ይዞ በሚሄድበት መንገድ ሁሉ የታመመ ባጋጠመው ቍጥር ቆሞ ያክማል። አንድ እጁ የሚገድልበትን መሣሪያ ይዟል፤ ሌላው እጁ ማዳኑን አልተወም። ተመልካቹ የትኛው እጅ እንደሚያሸንፍ ለማወቅ ይጨነቃል፤ እውነተኛው ትግል ያለውም በዚህ ላይ ነው።

በእኛ ሙያ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ የታወቀ ምሳሌ አለ። በኒውዮርክ ባለ 59 ፎቁ የሲቲኮርፕ ሕንጻ በ1977 ካለቀ በኋላ፣ የአጥንቱን ንድፍ ያወጣው መሐንዲስ ዊሊያም ለሜሱሪየር በ1978 ስሌቱን እንደገና መረመረ። ነፋስ ከማእዘን በኩል ሲመጣ በብሎን በተያያዙት መገጣጠሚያዎች ላይ ከታሰበው የበለጠ ጫና እንደሚያሳርፍም ተረዳ። ሥራው ተረክቧል፤ ሕንጻው ቆሟል፤ ዝም ማለት ይቻል ነበር። እርሱ ግን ለሚመለከታቸው ገለጸ፤ መገጣጠሚያዎቹም በሌሊት የብረት ሳህን እየተበየደባቸው ተጠናከሩ። ሕዝቡ ጉዳዩን የሰማው በ1995 ሲሆን፣ የከተማው ነዋሪዎች ያን ያህል ዘመን ሳይነገራቸው መኖራቸው እስከ ዛሬ ያከራክራል። በለሜሱሪየር ሥራ ውስጥ የሚታረም ጉድለት ነበር፤ በቴንማ ሥራ ውስጥ ግን የለም። የቴንማን ጉዳይ የሚያከብደው ይኸው ነው። የተበላሸ መገጣጠሚያ ይበየዳል፤ ያዳንነውን ሰው ግን ምን እናደርገዋለን?

ጭራቁ እንዴት ተሠራ

በተረታችን ጭራቅ ሰው የሚበላ ፍጡር ነው፤ ተረቱን የሚሰማ ሕፃን ከማን መሸሽ እንዳለበት ያውቃል። ዮሃን ግን መልከ መልካም፣ ጨዋ፣ አንደበቱ የለዘበ ወጣት ነው። የሚያስፈራውም በዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገድለው በጥይት አይደለም፤ ሰውየው ራሱ የደበቀውን ቍስል ፈልጎ በማግኘትና በዚያ ላይ ጥቂት ቃል በመጣል ነው።

ለምሳሌ ያህል በሙኒክ ከተማ የሚሆነውን ልጥቀስ። ሪሻርድ ብራውን የተባለ የቀድሞ ፖሊስ አለ። በመጠጥ ምክንያት ሥራውንና ቤተ ሰቡን ያጣ፣ አሁን ግን መጠጡን ትቶ በግል መርማሪነት የሚኖር፣ ልጁን የሚያይበትን ቀን የሚናፍቅ ሰው ነው። ምርመራው ወደ ዮሃን በተቃረበ ጊዜ፣ ዮሃን በአንድ ሕንጻ ጣራ ላይ ያገኘዋል። አይመታውም፤ አይዝትበትም፤ ያነጋግረዋል ብቻ። ያ ሰው በኋላ ከፎቅ ወድቆ ይገኛል፤ ሰክሮ ነበር ይባላል። ፊልሙ ይህን ሲያሳይ ደም አያበዛም፤ የምናየው ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ነው። ብዙ የወንጀል ፊልሞች በመቶ ጥይት ሊያመጡት ያልቻሉትን ፍርሃት በዚህ ጸጥታ ያመጣዋል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ከየት መጣ? ድርሰቱ መልሱን ለመፈለግ ወደ ቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን ይወስደናል። በምሥራቅ በርሊን «ኪንደርሃይም 511» የተባለ የሕፃናት ማሳደጊያ እንደ ነበረ፣ በዚያም ሕፃናት ስማቸውንና ትዝታቸውን እስኪያጡ ድረስ በፕላን ሙከራ እንደ ተደረገባቸው እንሰማለን። ማሳደጊያው በደራሲው አእምሮ የተፈጠረ እንጂ በታሪክ የተመዘገበ አይደለም። ነገር ግን የበርሊን ግንብ በ1989 ከፈረሰና ጀርመን በ1990 ከተዋሐደች በኋላ ብዙ የተዘጋ መዝገብ እንደ ተከፈተ ስናስታውስ፣ ደራሲው ታሪኩን በዚህ ቦታና ዘመን የተከለበት ምክንያት ይገባናል።

እዚህ ላይ ደራሲው በጣም አስተዋይ ነው። «ዮሃንን ክፉ ያደረገው ማሳደጊያው ነው» ብሎ ጉዳዩን ሊዘጋው ይችል ነበር፤ አላደረገውም። ከዚያው ቤት የወጣ ቮልፍጋንግ ግሪመር የተባለ ሌላ ሰው ያቀርብልናል። ግሪመር ስሜት ከውስጡ የተነቀለበት ሰው ነው፤ ፈገግታን እንኳ እንደ አንድ ሙያ በልምምድ ተማረ፤ የገዛ ልጁ በሞተበት ጊዜ ማዘን አልቻለም። ነገር ግን ይህ ሰው ያላገኘውን ደግነት ለሌሎች ሕፃናት ለመስጠት ይደክማል። አንድ ቤት፣ አንድ ዘዴ፣ ሁለት የተለያዩ ሰዎች! መሐንዲስ እንደ መሆናችን ከአንድ ቅርጽ የሚወጡ ጡቦች አንድ ዓይነት እንዲሆኑ እንጠብቃለን፤ ሰው ግን ጡብ እንዳልሆነ ግሪመር ይመሰክራል። ከድርሰቱ ሰዎች ሁሉ ይበልጥ የምወደውም እርሱን ነው።

ትክክለኛ ስሌት፣ የተሳሳተ መነሻ

ሌላው ለእኛ ትምህርት የሚሰጠው ሰው የፌዴራል ወንጀል ምርመራ ባልደረባ የሆነው ኢንስፔክተር ሉንገ ነው። ሉንገ የሰማውን ሁሉ በማይታይ የጽሕፈት መኪና ላይ እንደሚመታ ያህል ጣቶቹን እያንቀሳቀሰ በአእምሮው ይመዘግባል፤ ከዓመታት በኋላም አንዲት ቃል ሳያዛንፍ ያወጣዋል። ለሥራው ሲል ቤተ ሰቡን እስከ ማጣት ይደርሳል። ዳሩ ግን ይህ ሁሉ ብቃት የቆመው በአንድ የተሳሳተ መነሻ ላይ ነው፤ ዮሃን የሚባል ሰው የለም፤ ገዳዩ ቴንማ ራሱ ነው፣ ዮሃንም የቴንማ ሁለተኛ ማንነት ነው ብሎ ያምናል።

ደራሲው ሉንገን ሞኝ አላደረገውም። ያቀረበው ማስረጃ ሁሉ ከግምቱ ጋር ይስማማል፤ ሐሳቡ ውስጥ የእርስ በርስ ቅራኔ የለም። በስሌት ሥራ የኖረ ሁሉ ይህን አደጋ ያውቀዋል። ኮምፒዩተሩ አይሳሳትም፤ ቀመሩም ትክክል ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያው መስመር ላይ ስለ አፈሩ የተያዘው ግምት ከእውነቱ የራቀ ከሆነ፣ መልሱ እስከ መጨረሻው አኀዝ ድረስ በትክክል የተሳሳተ ይሆናል። ሉንገ መነሻውን ለመመርመር የሚደፍርበት ጊዜ ይመጣ እንደ ሆነ ተመልካቹ ራሱ ይየው።

ስለ አሠራሩና ስለ ጉድለቱ

የፊልሙ አሠራር ከይዘቱ ጋር ይስማማል። ፊቶቹ የተጋነኑ አይደሉም፤ ሽማግሌው ሽማግሌ፣ የደከመው የደከመ ይመስላል። የዱሰልዶርፍ፣ የሃይደልበርግ፣ የሙኒክና የፕራግ ጐዳናዎች በጥንቃቄ ተሥለዋል። የኩኒያኪ ሃይሺማ ሙዚቃም ከፍርሃቱ ቀድሞ አይጮኽም። ከሁሉ በላይ ግን የሚያስደንቀው ለጥቃቅን ሰዎች የተሰጠው ጊዜ ነው። በአንድ ክፍል ብቻ ታይተው የሚጠፉ ሐኪሞች፣ ገበሬዎች፣ ጡረተኞችና ሌቦች የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ተመልካቹ እነዚህን ሰዎች ካወቀ በኋላ የሰው ሕይወት እኩል ነው የሚለው የቴንማ እምነት ባዶ ቃል አይሆንበትም። ርዝመቱ ትርፍ ያልሆነውም ለዚህ ነው፤ ድርሰቱ እኩልነትን በስብከት ሳይሆን ለእያንዳንዱ ጊዜ በመስጠት ያሳየዋልና።

ጉድለት የለበትም ለማለት አይደለም። በሰፊ አገር ውስጥ የሚፈላለጉ ሰዎች እጅግ በሚመች ሰዓትና ቦታ የሚገናኙበት ጊዜ ይበዛል፤ በመካከለኞቹ ክፍሎች ላይ ዋናው መሥመር ረጅም ጊዜ የሚጠፋበት ቦታ አለ፤ የዮሃንም ችሎታ አንዳንድ ጊዜ ከሰው ዐቅም ያለፈ ይመስላል። ለፈጣን ፊልም የለመደ ተመልካች ከአሥረኛው ክፍል በፊት ሊሰለች ይችላል። እስከዚያ የታገሠ ግን ሊተወው አይችልም ብዬ በእርግጠኝነት እናገራለሁ።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

ፍጻሜውን አልነግራችሁም፤ ሐኪሙ ያዳነውን ሰው ይግደለው አይግደለው፣ የሚያየው ይፍረድ። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው። ትእዛዝ ከበላይ ሲመጣ፣ ገንዘብ ያለው ከሌለው ሲቀድም፣ ሥራ ተረክቦ ፋይሉ ሲዘጋ፣ ቴንማ የቆመበት ቦታ ላይ የማይቆም ባለሙያ የለም። የኛ ንድፍ የሚያገለግላቸውን ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አናያቸውም። በድልድያችን ላይ ማን እንደሚሻገር፣ ደግ ይሁን ክፉ፣ አንጠይቅም፤ መጠየቅም አይገባንም። ድልድዩ ግን ለሁሉም እኩል ሊጸና ይገባዋል፤ ከተሻገሩበትም በኋላ እኛን የሚመለከት ነገር ይቀራል።

ሕፃናትን ለማጫወት ይሠራል ብለን በናቅነው የጥበብ ዘርፍ ውስጥ ይህን የሚያህል ጥያቄ ተቀምጦ መገኘቱ የጥበብን ዋጋ በመልኳ ብቻ እንዳንገምት ያስተምረናል። ጊዜ ያለው ይመልከተው፤ ከተቻለም ከጓደኛው ጋር ሆኖ ይመልከተውና ይከራከርበት። ክርክሩ ስለ ዮሃን ተጀምሮ ስለ ራሳችን ሥራ ወደ መነጋገር ማምራቱ አይቀርም።